መብራቱን ያዘገዩት ሙት ኖዶች

ማብሪያውን ተጭኜ መብራቱ እስኪበራ ብዙ ሰከንድ ይፈጅ ነበር። መጀመሪያ ሲግናል የደከመ መስሎኝ የዚዌቭ (የቤት እቃዎችን በሬዲዮ የሚያገናኝ ኔትወርክ) መቆጣጠሪያውን ቦታ ቀየርኩ። ወይ ፍንክች!

የመቆጣጠሪያውን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ስከፍት ጉዱ ወጣ። መቆጣጠሪያው ስም የሌላቸው ሁለት ኖዶችን (ኔትወርኩ ላይ የተመዘገቡ እቃዎችን) ደጋግሞ ይጠራል፤ ሌላው ትእዛዝ ወረፋ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው የኔው ጥፋት ነው። አንድ ሶኬት ከኔትወርኩ በወጉ ሳላስወጣ ሪሴት አድርጌ እንደገና አጣመርኩት። አዲስ ቁጥር ያዘ፤ አሮጌው መዝገቡ ላይ ቀረ። ፒንግ አደረግኩት (አለህ ወይ ብዬ ጠራሁት)፣ አልመለሰም፣ «ያልተሳካ ኖድ አስወግድ» አልኩ፣ ሄደ።

ሁለተኛው ግን አስቸገረኝ። አስወግድ ስለው እምቢ ይላል። ለካስ ማጣመሩ መሃል ላይ የተቋረጠበት ዲመር (የብርሃን መጠን ማስተካከያ ማብሪያ) ነው። ኤሌክትሪክ ስላለው አንዳንዴ ለፒንግ ይመልሳል። መቆጣጠሪያው ደግሞ የሚመልስ ኖድን እንደ ሙት አይቆጥርም፤ ልክ ነው እንግዲህ። የዲመሩን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ሳጥን አጠፋሁ። ፒንግ አደረግኩ፤ ዝም። አሁን አስወግድ ስለው ወዲያው ጠፋ። ኤሌክትሪኩን መልሼ፣ ዲመሩን ሪሴት አድርጌ፣ ከመጀመሪያው አጣመርኩት።

ይህን ከመነካካቴ በፊት ባክአፕ ይዤ ነበር። በስህተት ደህናውን ኖድ ብሰርዝስ? በመጨረሻ የመንገድ ማስተካከያውን (እቃዎቹ መልእክት የሚቀባበሉበትን መንገድ እንደገና የሚያወጣውን) ማታ አስኬድኩት፤ ኔትወርኩን ስለሚያጨናንቅ ቀን አይመከርም። መብራቱ አሁን ከጣቴ ጋር እኩል ይበራል።