ለአደን ጉዞ ዎኪ ቶኪ ስትመርጡ፦ ከድሬዳዋ ቆላ እስከ ሐረርጌ ጋራ

ካርቶኑ ላይ «30 ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚጽፍ ፋብሪካ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎ ዳገት አያውቀውም። ያ ቁጥር የሚሠራው ሁለቱም ሰዎች ጫፍ ላይ ወጥተው በመካከላቸው የሚጋርድ ነገር ሲጠፋ ነው። የእጅ ሬዲዮ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ርቀቱን የሚወስኑት የአንቴናው ከፍታና በመካከል ያለው መሬት ናቸው። ለሜዳ ግምት የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ የየራሳቸውን ካሬ ሥር አውጡ፣ ደምሩና በ4.12 አባዙ። ሁለት ሰዎች ሬዲዮውን 1.5 ሜትር ላይ ቢይዙት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ቁጥቋጦና ጉብታ ሲገባበት 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ላይ ሊያልቅ ይችላል። ደንገጎ አፋፍ ላይ ሆኖ ድሬዳዋን ቁልቁል የሚያይ ሰው በ1 ዋት ይነጋገራል፤ ያው ሰው ወደ ሐረማያ በኩል እልፍ ብሎ አፋፉ ከጋረደው በ5 ዋትም ላይሰማ ይችላል።

ከገንዘቡ በፊት ፈቃዱ ይቅደም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 መሠረት ፍሪኩዌንሲ የሚሰጠውም የሬዲዮ መሣሪያ ዓይነት የሚያጸድቀውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፓ ውስጥ በ446 ሜጋኸርዝ፣ አሜሪካ ውስጥ በ462 እና በ467 ሜጋኸርዝ ያለ ፈቃድ የሚሸጡ ሬዲዮዎች አሉ፤ እዚያ ነፃ መሆናቸው እዚህ ፈቃድ አይሆንም። ዘመድ ከውጭ ልላክላችሁ ቢል ጉምሩክ ሊይዘው እንደሚችል አስቡ። ፈቃድ ካለው የአደን ድርጅት ጋር የምትወጡ ከሆነ ድርጅቱ የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደተፈቀደለት ጠይቁና ከዚያ ጋር የሚሄድ ሬዲዮ ፈልጉ። የአደኑ ፈቃድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እሱ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ይወጣል። የባቢሌው ቦታ የዝሆን መጠለያ ስለሆነ በዚያ በኩል የሚያልፍ ቡድን ወሰኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ የሞገድ ክልሉ ነው፦ ቪኤችኤፍ ወይስ ዩኤችኤፍ? የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ ሁለተኛው ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ይሸፍናል። አንዱ ቪኤችኤፍ ብቻ፣ ሌላው ዩኤችኤፍ ብቻ ከሆነ በጭራሽ አይነጋገሩም፤ ስለዚህ ቡድኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ይያዝ። እንደ ኤረር ሸለቆ ላለ የግራርና የቁጥቋጦ አገር ቪኤችኤፍ ይሻላል፤ በቅጠል ውስጥ ሲያልፍ የሚባክነው ያንሳል፣ የጉብታ ጫፍንም በመጠኑ ታክኮ ያልፋል። ዩኤችኤፍ ለከተማና ለግንብ ይመቻል፤ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ውስጥ ቢሆን እሱን እንመርጥ ነበር።

የቪኤችኤፍ ችግር አንቴናው ነው። በ155 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ርዝመት 48 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በ450 ሜጋኸርዝ ግን 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለቪኤችኤፍ ስለማይበቃ የሞገድ ክልሉ ያስገኘውን ጥቅም መልሶ ይበላዋል። 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ለፍሪኩዌንሲያችሁ የተሠራ ተጣጣፊ አንቴና ጨምሩ። ስትገዙ መግጠሚያውን አስተያዩ፦ አንዳንዱ ሬዲዮ መሐሉ ላይ መርፌ አለው፣ አንዳንዱ ቀዳዳ፤ ተመሳሳይ ሁለቱ አይገጥሙም። አንቴናው ሳይታሰር የመናገሪያውን ቁልፍ መጫን ደግሞ የማሰራጫውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል።

ለዋት ብዙ አትክፈሉ። ምንም በማይጋርድበት ቦታ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። 5 ዋት ያለውና ወደ 1 ዋት ዝቅ የሚል ሬዲዮ ለእጅ በቂ ነው፤ ቅርብ ስትሆኑ ዝቅ አድርጉት። ቀበቶ ላይ ያለ ሬዲዮ ሰውነት ሞገዱን ይውጥበታል። ስትናገሩ አንሡት፣ አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ያዙት። ቡድኑን ጋራ ለሁለት ከከፈለው አንድ ሰው የጋራው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መልእክት ያቀባብል፤ ከማንኛውም ውድ ሬዲዮ ይበልጣል።

ባትሪን በስሌት ምረጡ። የተለመደው ግምት 5 በመቶ መናገር፣ 5 በመቶ መስማት፣ 90 በመቶ ዝምታ ነው። ሬዲዮው በ5 ዋት ሲናገር 1.5 አምፔር፣ ሲሰማ 0.25፣ ዝም ሲል 0.07 ይወስዳል እንበል። በ12 ሰዓት ውስጥ 0.9፣ 0.15 እና 0.76፣ በድምሩ 1.8 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ እውነተኛ የ2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ ቀን ያውላል፤ ከሰዓት በኋላ የበርጫ ወሬ ቻናሉን ከያዘው ግን አያመሽም። ለእያንዳንዱ ሬዲዮ አንድ መለዋወጫ ያዙ፣ ከመኪና 12 ቮልት ላይ የሚሞላ ቻርጀርም ጨምሩ። በድሬዳዋ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አይሞላም። በአውሮፕላን የምትመጡ መለዋወጫ ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ያዙት።

ለአቧራውና ለድንገተኛ ዝናቡ አይፒ67 የተጻፈበትን ፈልጉ፤ አቧራ አያስገባም፣ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይችላል። አይፒ54 ከአቧራና ከርጭት በላይ አይችልም። ውኃው የዋዛ አይደለም፦ በ1998 ክረምት ደቻቱ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው ሌሊት ነበር። በደረቅ አሸዋ ወንዝ ዳር ለማደር የሚገደድ ቡድን ወደ ላይ በኩል ሬዲዮ የያዘ ሰው ያስቀምጥ።

አብዛኛው «ሬዲዮው ተበላሸ» የሚባል ነገር የቅንብር (ሴቲንግ) ስህተት ነው። እናንተ ስትናገሩ ይሰማሉ፣ እነሱን ግን እናንተ የማትሰሙ ከሆነ መጀመሪያ ቶኑን፣ ማለትም ከንግግሩ ጋር አብሮ የሚላከውንና የተቀባዩን ድምፅ ማጉያ የሚከፍተውን ዝቅተኛ ድምፅ እዩ፦ ከ67 እስከ 254.1 ኸርዝ ካሉት አንዱን መርጣችሁ ሁሉም ላይ እኩል አስገቡ፣ ወይም ሁሉም ላይ አጥፉት። ቶን የሌላውን ጩኸት ከጆሯችሁ ያርቃል እንጂ ንግግራችሁን ሚስጥር አያደርግም። የመጀመሪያው ቃል እየተቆረጠ ከሆነ ቁልፉን ተጭናችሁ አንድ ሰከንድ ቆዩና ተናገሩ። በድምፅ ብቻ የሚከፈተውን ዘዴ አጥፉት፤ ነፋስም ሳልም ይከፍተዋል። እንስሳ እንዳይደነብር የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል፤ ሶኬቱ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩ፣ አንድ ጆሯችሁንም ክፍት ተዉ።

ሱቅ ውስጥ በሁለት ሜትር ርቀት የማይሠራ ሬዲዮ የለም። በተፈቀደላችሁ ቻናል አንዱ ሰው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ይቁም፣ ሌላው በሐረር መንገድ ወደ ደንገጎ እየወጣ በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ይጥራ፤ የት እንደተቋረጠ ጻፉ። ስድስት ሰው ላለው ቡድን ሦስት በእጅ፣ አንድ ከመኪናው ጋር ይበቃል። ከጉዞ ስትመለሱ የባትሪውን መገናኛ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ከሬዲዮው ነጥላችሁ አስቀምጡት።