ከኮሮና ክትባት በኋላ ያሉትን ቀናት ዱቲ ላይ ሆኖ እንዴት ማለፍ ይቻላል? (ለጤና ባለሙያዎች)

መርፌውን በተወጋሁ ማግስት ዱቲ (የሥራ ተራዬ) ገባሁ። ግሉኮስ ልሰቅል ግራ እጄን ሳነሳ ሳላስበው «ኡህ!» አልኩ። በሽተኛው ቀና ብሎ አየኝና «እግዜር ይማርሽ» አለኝ። ቀኑን ባስብበት ኖሮ እዚያ ላይ አልደርስም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ድካሙ፣ ራስ ምታቱ፣ ቁርጥማቱና ብርድ ብርድ ማለቱ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይጀምርና ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ፋይዘርና ሞደርና ሁለተኛው ዙር ላይ ጠንከር ይላሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ከገበያ የወጣው አስትራዜኒካ ደግሞ መጀመሪያው ላይ ነበር። ወጣቶች ከትልልቆቹ ይልቅ ይሰማቸዋል። እንግዲህ የዕረፍት ቀናችሁ ዋዜማ ላይ ተወጉ። የአንድ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ቀን አይከተብ፤ በማግስቱ ተረኛ ይጠፋል።

ብዙ የማትሠሩበትን ክንድ ስጡ። «እንዳያመኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ማስታገሻ አትዋጡ።

ከተወጋችሁ በኋላ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ከዚህ በፊት ከባድ አለርጂ ያጋጠማችሁ ከሆነ 30 ደቂቃ። ሌላውን «ቆይ፣ አትነሳ» እያልን እኛው ሮጠን ወደ ሥራ የምንመለስ ነንና ይህን ደግሜ እላለሁ። ከባድ አለርጂ የሚመጣው ባብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት፣ አድሬናሊኑ፣ ያለው ደግሞ እዚያው ነው።

ማታ ላይ ክንዱን አንቀሳቅሱት፣ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፣ ውሃ ጠጡ። ካመማችሁ ያኔ ፓራሲታሞል ይወሰዳል።

አሁን ዋናው ነገር። ትኩሳትና ድካም ከክትባቱም ከኮሮናም ይመጣል። ሳል፣ ንፍጥ፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ሽታና ጣዕም ማጣት ግን የክትባቱ ሥራ አይደለም። «ክትባቱ ነው» ብላችሁ በሽተኛ አጠገብ አትቁሙ፣ ተመርመሩ። ክትባቱ የአፍንጫ ምርመራን ፖዘቲቭ አያደርግም። ፖዘቲቭ ከወጣ ቫይረሱ አለ ማለት ነው። ምናልባት ከመከተባችሁ በፊት ይዟችሁ ይሆናል፤ መከላከያውም በአንድ ሌሊት አይገነባም። ትኩሳት ካለ፣ መንስኤው እስኪለይ ሥራ አትግቡ። ሁለት ሦስት ቀን አልፎ ካልለቀቃችሁም እንደዚያው።

በብብት ሥር የሚወጣ ንፍፊት ወይም ከሳምንት በኋላ የተወጋው ቦታ ላይ የሚታይ ቀይ ሽፍታ ያስደነግጣል እንጂ በራሱ ይጠፋል። ይልቅ የማይታለፉት እነዚህ ናቸው። ከፋይዘር ወይም ሞደርና በኋላ፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ ባብዛኛው በሳምንት ውስጥ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ትንፋሽ ማጠር። ከአስትራዜኒካ ወይም ከጆንሰን ክትባት በኋላ ደግሞ (እነሱ ይሰጡ በነበረ ጊዜ) በቀጣዮቹ ሳምንታት የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የሆድ ሕመም፣ የእግር እብጠት ወይም ቆዳ ላይ ነጠብጣብ የመሰለ ደም። ብዙ ሰው አይደርስበትም። ከደረሰ ግን «ነገ አየዋለሁ» አይባልም። ራሳችሁን አታክሙ፣ ሌላ ሰው ይያችሁ።

የተሰማችሁን መዝግቡና አሳውቁ። ለበሽተኛ ቅጽ ስንሞላ እንውልና የራሳችንን «ቀላል ነው» ብለን እንተወዋለን። የክትባቱ ዓይነት፣ የባች ቁጥሩ (የምርት መለያው)፣ የጀመረበት ሰዓት፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያልቃል።