መጀመሪያ አምፖሉን አጥፉ፦ ኦቲዝም ያለውን ልጅ ለመረዳትና ለማገዝ

ልጃችሁ ኦቲዝም እንዳለው በተነገራችሁ ሳምንት መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ስላቀበጣችሁት ነው፣ ቅጡት» ይላል። ሌላው ቪታሚን ሊሸጥላችሁ ይመጣል። ሦስተኛው «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ትከሻችሁን ቸብ ያደርጋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናት ነኝ። እዚህ የምጽፈው ቤታችን ውስጥ ሲሠራ ያየሁትን፣ ከልጄ ባለሙያዎች የተማርኩትንና ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ስለራሳቸው ከጻፉት የቃረምኩትን ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ልጁ ግራ የሚያጋባ ነገር ሲያደርግ «እንዴት ላስቁመው?» ከማለታችሁ በፊት «ይሄ ነገር ለእሱ ምን ይሠራለታል?» በሉ። ከዚያ ልጁን ከመለወጣችሁ በፊት ዙሪያውን ለውጡ።

በቅድሚያ ግን ጥፋተኛ መፈለጉን ተዉት። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 ስለ 11 ልጆች ከጻፈ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነገሩ ለረጅም ጊዜ «ልባቸው በቀዘቀዘ» እናቶች ላይ ተላክኮ ቆየ። ያ ሐሳብ ከወደቀ ብዙ ዘመን ሆነው። ኦቲዝም ከአስተዳደግ የሚመጣ አይደለም። የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው፤ የዘር ውርስም ትልቅ ድርሻ አለው። ብቻችሁንም አይደላችሁም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለው የሚል ነው።

ደብተር ያዙ

ከማንኛውም ቴራፒ በፊት የምመክረው አንድ ደብተር ነው። ልጁ በጮኸ፣ በሸሸ ወይም ጆሮውን በያዘ ቁጥር አጭር ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ነበር? የት? ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ምን ተደረገ? ምን ይሰማ፣ ምን ይሸት ነበር? ሌሊት ተኝቷል? ሽንት ቤት ተቀምጧል? «አስቸገረ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ምንም አይነግራችሁም። «ኮቱን ሳወልቅለት እጄን ገፋኝ» ብላችሁ ጻፉ።

የኛ ደብተር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ነገር አወጣ። ትልልቆቹ ጩኸቶች በሙሉ የሚመጡት በአንድ ቀን፣ ከትምህርት ቤት መልስ ነበር። ያ ቀን ስፖርት በአዳራሽ ውስጥ የሚሠሩበት ቀን ነው። አዳራሹ ያስተጋባል፣ ኳስ ይነጥራል፣ ፊሽካ ይነፋል። ልጁ እዚያ ጥርሱን ነክሶ ይቆይና ቤት ሲደርስ ይፈነዳል። መምህሯ «እዚህ እኮ በጣም ጨዋ ነው» ያለችው እውነቷን ነበር። አሁን በዚያ ቀን የጆሮ ማፈኛ ያደርጋል፤ ቤት ሲገባም ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ባሕርዩ በድንገት ከተለወጠ ግን ደብተሩን አስቀምጡና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጥርስ፣ ጆሮና ሆድ ድርቀት ሕመሙን መናገር በማይችል ልጅ ላይ «ጠባይ» መስለው ይታያሉ። በተለይ ሆድ ድርቀት ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ በብዛት ያጋጥማል። የሚጥል በሽታም ከሌላው ልጅ ይልቅ በእነሱ ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ ልጁ ፈዝዞ ሲቀር በቪዲዮ ቀርጻችሁ አሳዩ።

ቤቱን በልጁ ቁመት እዩት

ተንበርከኩ። እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጡና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። የኮሪደሩ አምፖል ይርገበገባል፣ ቀስ ብሎም ያፏጫል። እኛ ጆሯችን ለምዶ ይጥለዋል፤ የእሱ ጆሮ ላይጥለው ይችላል። ድምፅን፣ ብርሃንንና ንክኪን ከሌላው ሰው በጣም አብልጦ ወይም በጣም አሳንሶ መስማት ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ገብቷል። ጠባይ ወይም ቅብጠት አይደለም።

ስለዚህ አምፖሉን ቀይሩት ወይም አጥፉት። የልብሱን አንገት ላይ ያለውን ምልክት ቆርጣችሁ ጣሉ። ካልሲው ጣቱ ላይ ያለው ስፌት ከረበሸው ገልብጣችሁ አልብሱት፤ ማን ያየዋል? አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ይዘላል፣ ይሽከረከራል፣ ሶፋ ላይ ይወድቃል። ሰውነቱ የጎደለውን እየፈለገ ነው። መጻሕፍት በካርቶን አሸክሙት፣ ግድግዳ ይግፋ፣ ፍራሽ ላይ ይዝለል። ከባድ ሥራ ብዙዎቹን ያረጋጋል።

እጁን ቢያወዛውዝ ተዉት። ደስ ሲለው ነው ወይም ራሱን እያረጋጋ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ዓይን ለዓይን እንዲያይም አታስገድዱ። ብዙ አዋቂዎች እንደጻፉት፣ እያዩ ማዳመጥ ለእነሱ ሁለት ከባድ ሥራ በአንድ ጊዜ ነው። ራሱን ግድግዳ ላይ የሚመታ ወይም እጁን የሚነክስ ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ቶሎ።

«በሩ እየተዘጋ ነው»

ልጄ ለሊፍት ሟች ነው። ለረጅም ጊዜ የሚናገረው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሊፍት የቀዳው ነበር፤ «በሩ እየተዘጋ ነው»። በዚያችው የሴትዮዋ ድምፅ፣ በዚያችው ዜማ። ዘመድ ሊሰናበት ሲነሣ ይላታል። ቴሌቪዥን ስናጠፋ ይላታል። አንዱ ባለሙያ «ትርጉም የሌለው ማስተጋባት ነው፣ ችላ በሉት» አለን። አልተዋጠልኝም፤ ምክንያቱም ደብተሩ ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር የምትወጣው ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሊያልቅ ሲል ነው። ልጁ «እንዳይሄዱ» እያለ ነበር።

ይሄን የተናገርኩት እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። የንግግር ባለሙያው ባሪ ፕሪዛንትና ባልደረባው በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ልጁ የሰማውን እዚያው ወዲያው ማስተጋባቱ እንኳ ተራ ለመጠበቅ፣ ለመጠየቅ፣ ለመመለስና ሌላም ሥራ እንደሚያገለግል አሳይተዋል። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ልጁ የሚደጋግማቸውን ሐረጎች ጻፉ። ከየት እንደቀዳቸውና መቼ እንደሚላቸው አጠገባቸው አስቀምጡ። ከዚያ ለቃሉ ሳይሆን ለትርጉሙ መልስ ስጡ። እኔ «አዎ፣ አክስት ልትሄድ ነው። አትሂጂ!» እለው ነበር፤ እሱ ሊለው በሚችለው መልክ። «በል፣ አትሂጂ በል» ብዬ ግን አላስገድደውም። ከጊዜ በኋላ «አትሂጂ» ራሷ መጣች። በሩም አልቀረም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ይላቸዋል።

አንድ ነገር ጠይቃችሁት ዝም ካለ አትድገሙት። ዐሥር ድረስ በልባችሁ ቁጠሩ። ጥያቄውን በሌላ ቃል ስትደግሙበት ለእሱ አዲስ ጥያቄ ነው፤ የጀመረውን ጥሎ እንደገና ይነሣል።

ጨርሶ ለማይናገር ወይም ትንሽ ለሚናገር ልጅ የሥዕል ካርድ፣ የመናገሪያ ታብሌት ወይም ምልክት ስጡት። «እሱን ከለመደ መናገር ይተዋል» የሚል ፍርሃት አለ። የተደረጉት ጥናቶች ይሄን አይደግፉም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ልጆች ንግግራቸው ጨምሯል። ለመጀመር እናንተው ራሳችሁ እየተናገራችሁ ሥዕሉን ጠቁሙ። ታብሌቱ የሽልማት ዕቃ እንዳይሆን፤ «ካጠፋህ እወስደዋለሁ» ማለት የልጁን አፍ መዝጋት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አዋቂው የልጁን እጅ ወይም ክንድ ይዞ «የሚያስጽፍበት» ዘዴ በፈተና ወድቋል፤ ሲፈተሽ የሚጽፈው ልጁ ሳይሆን ያዥው ሆኖ ተገኝቷል። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበርም በ2018 እንዳይሠራበት አሳስቧል።

ቀኑን በሥዕል

ኤሪክ ሾፕለር በ1972 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኦቲዝም ላላቸው ልጆች ባስጀመሩት ቲች በተባለው ፕሮግራም የታወቀ ዘዴ ነው፤ የቀኑን ሂደት በሥዕል በተርታ መለጠፍ። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ሥዕል ሳይሆን የራሳችሁን ጫማ፣ የራሳችሁን በር፣ የራሳችሁን አልጋ ፎቶ አንሡ። ያለቀውን ልጁ ራሱ ይገልብጠው። ተርታው ከበዛበት ሁለት ካርድ ይበቃል፤ «መጀመሪያ» እና «ከዚያ»።

ብዙዎች የሚረሱት «ለውጥ» የምትለዋን ካርድ ነው። ፕላን መበላሸቱ አይቀርም። ካርዷን መጀመሪያ በደስ በሚል ነገር አስተዋውቁት፤ ገላ መታጠብ ቀርቶ ለመዝለል ስንሄድ ለምሳሌ። ካርዷ የምትወጣው ሁልጊዜ ለመጥፎ ዜና ከሆነ፣ ስትታይ ብቻ ልጁ ይጮኻል።

ሲፈነዳ

አልቃሽ ልጅ የፈለገውን ሲያገኝ ይተዋል። ከአቅሙ በላይ የሆነበት ልጅ ግን የጠየቀውን ብትሰጡትም አያቆምም፤ ሰው ቢያየውም ባያየውም ግድ የለውም። ያኔ ማስተማር የለም። ቃል ቀንሱ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ መብራት ቀንሱ፣ ሰው አስወጡ። አደጋ ከሌለ አትያዙት። ካለፈ በኋላ «ለምን?» አትበሉት፤ ደክሞታል። ውሃ ስጡትና ይተኛ።

የሚወደውን ነገር አትቀሙት

ስለ ሊፍት እናውራ፤ ደስ ይለኛል። ዲና መሪና ሁለት ባልደረቦቿ በ2005 እንደጻፉት፣ የኦቲዝም ሰው ትኩረት በጥቂት ነገር ላይ አጥብቆ ያርፋል፤ ከዚያ ማላቀቅ ከባድ ነው፣ እዚያ ውስጥ ማስተማር ግን ቀላል ነው። እኛ ቤት ሒሳብ የገባው በሊፍት ነው። «ከ7ኛ ፎቅ ወደ 3ኛ ስንት ወረድን?» መቀነስ ማለት ይሄው ነው። ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ደግሞ ከክፍሉ ልጆች ቀድሞ ነው ያወቀው፤ መኪና ማቆሚያው ከመሬት በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነውና። መምህሩ ደነቀው፤ እኔ አልደነቀኝም። በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ወለሉ ላይ ተቀምጣችሁ እሱ የሚያደርገውን አብራችሁ አድርጉ፤ ሳታዙ፣ ሳትጠይቁ። ስታንሊ ግሪንስፓን ያስፋፉት የወለል ላይ ጨዋታ መነሻው ይሄ ነው።

ቴራፒስት ስትመርጡ

ስሙን ሳይሆን ግቡን እዩ። ኢቫር ሎቫስ በ1987 ውጤቱን ያሳተሙለት የባሕርይ ሥልጠና፣ ማለትም የተፈለገውን ድርጊት እየሸለሙ ማስደጋገም፣ ዛሬም በስፋት ይሰጣል። በልጅነታቸው ያለፉበት ብዙ አዋቂዎች ግን ጎድቶናል ይላሉ፤ መልኩ ከቀድሞው ብዙ የለዘበበት ቦታም አለ። እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ልጁ «እምቢ» ሲል ምን ታደርጋላችሁ? ገብቼ ማየት እችላለሁ? ግባችሁ ምንድን ነው? «እጁን ማወዛወዝ ማስተው» ካሉኝ አመስግኜ እወጣለሁ። «ሲያመው እንዲናገር፣ ዕረፍት ሲፈልግ እንዲጠይቅ» ካሉኝ እቀመጣለሁ።

በዚያ ላይ አለመግባባቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ራሱ ኦቲዝም ያለው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን በ2012 እንደጻፈው፣ እኛም እነሱን ማንበብ ያቅተናል። እና ሥልጠናው ለእኛም ነው።

መድኃኒት አለኝ የሚላችሁን

«አማራጭ» ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ከሰውነት እንደ ሜርኩሪ ያሉ ብረቶችን ያወጣል የተባለው መርፌ በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ ልጅ ገድሏል። «ተአምረኛ ማዕድን» ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ መጠጣቱ በረኪና ከመጠጣት የማይለይ ማንጫ ኬሚካል ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው ጽሑፍ በ2010 ተሽሯል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም። ምግብ ከልክሉ ለሚሉትም ማስረጃው ደካማ ነው፤ የሚበላው ሦስት ነገር ብቻ ከሆነ ልጅ ላይ አንዱን መቀነስ ደግሞ ጉዳት አለው። በአንድ ጠርሙስ ኦቲዝም፣ አስምና ካንሰር የሚፈውስ ሰው ከገጠማችሁ ጥያቄ እንኳ አታብዙ። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ከሆነ ግን ሐኪም አማክሩ፤ እዚያ ላይ የሚሠራ ነገር አለ።

ደኅንነትንም አትርሱ። ብዙ ልጆች ሳይታሰብ ከቤት ይወጣሉ፤ ውሃም ይስባቸዋል። የበሩን መዝጊያ ከፍ አድርጉ፣ ዋና ቶሎ አስተምሩ።

በመጨረሻ ከደብተሩ አንድ ገጽ ጨምቃችሁ ለመምህሩ፣ ለአያቱና ለሞግዚቷ ስጡ። ከላይ ልጁ የሚወደውን፣ መሐል ላይ የሚረብሸውንና ቀድሞ የሚታየውን ምልክት (የኔው ጆሮውን ከመያዙ በፊት አንገቱን ይደፋል)፣ ከታች ደግሞ ያኔ ምን እንደሚደረግ ጻፉ። ከአንድ ገጽ ካለፈ ማንም አያነበውም። መናገር የሚችል ከሆነ ልጁን ራሱን ጠይቁና ገጹን አስተካክሉት፤ በየትምህርት ዘመኑ አጋማሽም አድሱት፤ ዘንድሮ የሚረብሸው ነገር ለከርሞ ላይረብሸው ይችላል።