ያገለገለ መኪና ስንገዛ ካምቢዮ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጎንደር ላይ ለሽያጭ የሚቀርበው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነው። ገዢው ግን ቀለሙን አይቶ፣ ሞተሩን አዳምጦ ይዋዋላል፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ትዝ የሚለው ሊብሬው በስሙ ከዞረ በኋላ ነው።

ሜዳ ላይ ነድቶ መወሰን፦ ሻጩ ፒያሳን አንዴ አዙሮ ሊመልስዎ ይሞክራል። እሺ አይበሉት። አዘዞ ድረስ ወርደው ዳገቱን ይዘው ይመለሱ፤ ካምቢዮው በደንብ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚያወጣውን ይሞክሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 1,000 ሲሲ ቪትዝ ዳገት ላይ ስላቃሰተ ካምቢዮው ሞቷል ማለት አይደለም። የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን ቆጣሪ ይመልከቱ። ዙሩ እየወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለው ካምቢዮው እያንሸራተተ ነው፤ ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው)። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ያነሰው የሞተር ጉልበት ነው። ሲቪቲ (ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው የኦቶማቲክ ዓይነት) ግን ዙሩን ከፍ አድርጎ መያዝ ጠባዩ ስለሆነ፣ እሱ ላይ መንቀጥቀጥና የማያቋርጥ ጩኸት ይፈልጉ።

ሞቆ የጠበቀዎትን መኪና መሞከር፦ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት። ትኩስ ከሆነ ቀጠሮውን ለነገ ጠዋት ያድርጉት። ቀዝቃዛ ኦቶማቲክ ከፒ (ማቆሚያ) ወደ ዲ (መንጃ) ሲገባ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም ገጭ ካለ ዋጋ ለመነጋገር አይቸኩሉ።

በአዲስ ዘይት መደሰት፦ የተለመደው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው፤ ጠቁሮ ተቃጠለ ተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ተበልቷል። «ትናንት ነው የቀየርኩት» ከተባሉ ግን «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ሲቪቲ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው፤ የተራ ኦቶማቲክ ዘይት ከተሞላበት ይጎዳል።

«ማኑዋል ምን ይሆናል!» ማለት፦ የእጅ ፍሬን ስበው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ አልቋል። እሱስ ቀላሉ ነው። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀንሱ የሚያፋጭ ከሆነ ካምቢዮው ራሱ መፈታት አለበት። ያም ሆኖ እኔ ለእኛ ዳገት ማኑዋል እመርጣለሁ፤ ሲበላሽ የሚያውቀው መካኒክ ብዙ ነው።

በስም ማመን፦ «ቶዮታ ነው» ስለ ካምቢዮው ምንም አይነግርዎትም። ቪትዝ ራሱ በማኑዋልም፣ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክም፣ በሲቪቲም ተሠርቷል። ኒሳን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 ለወጡ ሞዴሎቹ የሲቪቲውን ዋስትና እስከ 10 ዓመት ያራዘመው በብልሽቱ ብዛት ነው።

መኪናው ተጎትቶ ያውቅ እንደሆነም ይጠይቁ። በፊት ጎማ የሚነዳ ኦቶማቲክ ሞተሩ ጠፍቶ በገመድ ረጅም መንገድ ከተጎተተ የዘይት ፓምፑ ስለማይሠራ ካምቢዮው ያለ ቅባት ይፋጫል።

ለቅናሽ ብሎ የታመመውን መግዛት፦ «ካምቢዮው ትንሽ ሥራ ይፈልጋል፣ ለዚያ ቀንሼልዎታለሁ» ይባላሉ። ከመስማማትዎ በፊት አዲስ አበባ ወዳለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ደውለው ያገለገለ ካምቢዮ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቁ፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጫንበትንና የመካኒኩን ይደምሩ። የሚመጣውም ካምቢዮ ከየትኛው መኪና እንደወረደ ስለማይታወቅ፣ የካምቢዮው ሻጭ የሙከራ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።