ሁለተኛውን ቁልፍ ማን ይዞታል? ስለ ቤት ራውተር አተካከልና አጠባበቅ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ ማታ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ግቢዬ ውስጥ ሦስት ክፍል ለተማሪዎች አከራያለሁ፤ ቤቴ ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙ አይርቅም። በዚያ ምሽት ከሦስቱም ክፍሎች የኳስ ጨዋታ ድምፅ ይሰማል። ኢንተርኔቱ ለመሥራቱ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። የእኔ ስልክ ግን አልገናኝም አለ። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፣ የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጻፍኩ። በመጨረሻ ከተከራዮቼ አንዱን ጠርቼ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። «ቲቸር፣ የእርስዎ መሆኑን አላወቅሁም። የማላውቃቸው ስልኮች ሲበዙ ጊዜ አንዳንዱን ዘጋሁት» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የወር ክፍያውንም ከኪሴ የማወጣ ሴት ከራሴ መስመር ተባረርኩ ማለት ነው።

ልጁ ምንም አልሰበረም። በስልኩ 192.168.1.1 ብሎ ጽፎ፣ የተጠቃሚ ስም ሲጠየቅ «አድሚን»፣ የይለፍ ቃል ሲጠየቅም «አድሚን» ብሎ ነው የገባው። እኔ የዋይ ፋዩን የይለፍ ቃል በተተከለበት ቀን ቀይሬ ኮርቼ ነበር። ራውተር ግን ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው ወደ ኢንተርኔቱ ያስገባል፤ እሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ሆድ፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ ወደሚባልበት ክፍል ያስገባል። እሱን ከፋብሪካ እንደመጣ ትቼው ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ሁሉንም ከመጀመሪያው አንስቼ ሠራሁት፤ እንዲህ ነው።

ከቁልፉ በፊት ቦታው ይቅደም። የእኔ ራውተር ብፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ በእጄ የሠራሁት ዳንቴል ለብሶ ነበር የተቀመጠው። ዳንቴሉ ያምራል፤ ራውተር ግን ቀን ከሌሊት የሚሠራ፣ የሚሞቅ ዕቃ ነው፤ አየር ያስፈልገዋል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሞገዱን ይጋርደዋል። ብረት የራዲዮ ሞገድን ይመልሳል፣ ውኃ ይመጠዋል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ፣ ትልቅ መስታወትና የውኃ በርሜል አጠገብ አታስቀምጡት። ወለል ላይም አይሁን። እኔ አንዲት ትንሽ የጅማ በርጩማ ብፌው ላይ አውጥቼ ራውተሩን እሷ ላይ አስቀመጥኩት። ከፍ አለ፣ በሦስቱ እግሮች መካከልም አየር ያልፋል። እንግዳ ሁሉ ይስቃል፤ ቢሆንም በርጩማዋ ሥራ አግኝታለች።

አብዛኞቹ አዳዲስ ራውተሮች ሁለት ዓይነት ሞገድ ያወጣሉ። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ግድግዳ አልፎ ሩቅ ይሄዳል፤ ግን ጎረቤት ሁሉ የሚጠቀምበት ስለሆነ ይጨናነቃል። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ይዳከማል። በእኔ ግቢ ከዋናው ቤትና ከተከራዮቹ ክፍሎች መካከል ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ዝናብ ጠጥቶ ሲቆም 5 ጊጋ ኸርዙ ከዛፉ ወዲያ ይከስማል። ዛፉን ልቁረጥ አልልም፤ ለክፍሎቹ 2.4ን፣ ለሳሎኑ 5ን መደብኩ። በ2.4 ላይ የሞገድ መስመር (ቻናል) መምረጥ ከቻላችሁ 1ን፣ 6ን ወይም 11ን ምረጡ፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይደራረቡም። ጎረቤታችሁ 6 ላይ ከሆነ እናንተ ወደ 1 ወይም ወደ 11 ሂዱ።

ስለ ዝናብ ካነሣሁ ስለ መብረቅም ልናገር፤ የጅማ ሰው ይህን አንቀጽ ቢዘል ይቆጨዋል። የቀድሞው ሞደሜ የተቃጠለው በአንድ የሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ነው። የኃይል ገመዱን በጊዜ ነቅዬው ነበር፤ የስልክ መስመሩን ግን ረሳሁት፤ ጉዳቱም በዚያው በመዳብ ሽቦ መጣ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሁለቱንም ንቀሉ። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ እሱ ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያመጣም፤ የኃይል ገመዱ ግን ያመጣል፤ እሱን ንቀሉ። ፋይበሩን ግን ራሳችሁ አትነካኩት፣ አጥፋችሁም ከሚስማር ላይ አትጠምጥሙት፤ ውስጡ ይሰበራል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ስኩ። አስማሚው (ኃይል የሚሰጠው አዳፕተር) ቢበላሽ ከቤት ውስጥ ልኩ የሚገባ ሌላ ፈልጋችሁ አትሰኩ። መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቡ፤ 12 ቮልት የሚፈልግ አለ፣ 9 ቮልት የሚፈልግ አለ፤ ሶኬቱ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሆዱ እንግባ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ራውተሩን ገልብጣችሁ ከሥር የተለጠፈውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሡ። የመግቢያ አድራሻው፣ የፋብሪካው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እዚያ ይገኛሉ። ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጣችሁ የመስመር የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ካለም ደብተር ላይ ጻፉት፤ ይህኛው ከሁለቱ ቁልፎች የተለየ ነው። ለምን እንዳጠበቅሁ ልንገራችሁ። የእኅቴ ልጅ አንድ ቀን ኢንተርኔቱ ቀሰስ ሲልበት ከኋላ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጫነ። ራውተሩ ሁሉን ረስቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆነ፣ የመስመሩ መግቢያም አብሮ ጠፋ። ሁለት ቀን ያለ ኢንተርኔት ቆየን። መስመሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነና መግቢያው ከጠፋባችሁ የሚደወለው 994 ነው። ቀዳዳዋ ግን የመጨረሻ መፍትሔ ናት፤ መርፌውን ከልጅ አርቁ።

ኮምፒውተር ካላችሁ ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙት፤ ዋይ ፋዩን ስትቀይሩ መሐል ላይ አትቋረጡም። በስልክ የምትሠሩ ከሆነ የሞባይል ዳታውን አጥፉ፤ አለዚያ ስልኩ አድራሻውን በውጭ በኩል ሊፈልገው ይችላል። አድራሻውን የምትጽፉት ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ላይ ነው። 192.168.1.1 ካልሠራ 192.168.0.1ን ሞክሩ፤ በሲም ካርድ ከሚሠሩት ብዙዎቹ 192.168.8.1 ናቸው። «ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አትደንግጡ፤ የምታነጋግሩት እዚያው ብፌ ላይ ያለውን ዕቃ ነው።

ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ የምትቀይሩት ሁለተኛውን ቁልፍ፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ነው። የፋብሪካው ቃል ምሥጢር አይደለም፤ የየሞዴሉ ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በሌላ ጥበብ አልነበረም፤ ወደ ስድሳ የሚጠጉ የፋብሪካ የተጠቃሚ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነበር። የእኔ ተከራይ አንዱን ብቻ ሞክሮ ገባ። እግረ መንገዳችሁን ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚፈቅደው ምርጫ በርቶ እንደሆነ አጥፉት። ራውተሩን ራሳችሁ የገዛችሁት ከሆነ የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚለውን ገጽ አልፎ አልፎ ተመልከቱ፤ በማሻሻያው መካከል ግን መብራት እንዳይሄድባችሁ ጸልዩ።

ቀጥሎ የዋይ ፋዩ ስምና የይለፍ ቃል። ስሙ ላይ የራሳችሁን ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም የራውተሩን ሞዴል አትጻፉ። የይለፍ ቃሉን በተመለከተ በሒሳብ መምህርነቴ ትንሽ ልቆይበት። በሰፈሬ ያየሁት የይለፍ ቃል አብዛኛው ስልክ ቁጥር ነው። ስልክ ቁጥር አሥር አኃዝ አለው፤ ግን አብዛኛው 09 ብሎ መጀመሩን ሁሉም ሰው ያውቃል። የቀረው ስምንት አኃዝ ነው፤ ያ ደግሞ 100 ሚሊዮን አማራጭ ነው። ብዙ ይመስላል። አንድ ሰው ስልካችሁና ራውተሩ ሲገናኙ የሚለዋወጡትን ሰላምታ ከደጅ ሆኖ ቀድቶ ከሄደ በኋላ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ይሞክራል። በሴኮንድ መቶ ሺህ ብቻ ቢሞክር ለሁሉም 1,000 ሴኮንድ ይበቃዋል። ቡና ተቆልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ያልቃል።

መፍትሔው ርዝመት ነው። ሁለት ሺህ የታወቁ ቃላት አሉ እንበል። ከእነሱ አራቱን በዕጣ ብታወጡ 16 ትሪሊዮን አማራጭ ይሆናል፤ ያ ሰውዬ በዚያው ፍጥነት አምስት ዓመት ይፈጅበታል። አምስት ቃል ብታደርጉት አሥር ሺህ ዓመት። «በዕጣ» ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ሰው በራሱ ሲመርጥ የልጁን ስምና የልደት ዓመቱን ነው የሚጽፈው። እኔ ቃላቱን በወረቀት ቆራርጬ፣ ለዕቁብ እንደምናደርገው ጠቅልዬ፣ አምስቱን አወጣሁ። ከመካከላቸው «ሙቀጫ» እና «ዳኛ» ነበሩ፤ አሁን ቀይሬዋለሁና አትድከሙ። አንድ ችግር ግን አለ። ራውተሩ የሚቀበለው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ደግሞ ሁላችንም በየራሳችን ነን። ጅማን በአንድ ኤም የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ። ስለዚህ የጻፋችሁበትን አጻጻፍ ፊደል በፊደል በወረቀት አስቀምጡ።

እዚያው ገጽ ላይ የጥበቃውን ዓይነት ምረጡ ይላችኋል። ደብልዩ ፒ ኤ 3 (WPA3) ካለ እሱን፤ አሮጌ ስልክ አልገባም ካለ 2ና 3 የተቀላቀሉበትን፤ እሱም ከሌለ ደብልዩ ፒ ኤ 2 ኤ ኢ ኤስ (AES) ከሚባለው የምሥጢር አጻጻፍ ጋር። ደብልዩ ኢ ፒ (WEP) የሚባለው የድሮ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2001 ደካማነቱ የታወቀ ነው፤ ዛሬ እሱን መምረጥ በር ገርበብ አድርጎ እንደመተኛት ነው።

ከዚያ ደብልዩ ፒ ኤስ (WPS) የሚባለውን፣ ያለ ይለፍ ቃል በቁጥር የሚያገናኘውን ምርጫ አጥፉ። ይህኛው በክፍል ውስጥ ባስተምረው ደስ የሚለኝ ስሌት ነው። የይለፍ ቃል መጻፍ ለሚሰለቸው ሰው ታስቦ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር ተሰጠው፤ 100 ሚሊዮን አማራጭ ሊሆን ነበር። ስምንተኛው አኃዝ ግን ከሰባቱ የሚሰላ ማረጋገጫ ነው፤ ወደ 10 ሚሊዮን ወረደ። ይህ ባልከፋ። ራውተሩ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ የመጀመሪያው አራት አኃዝ ስሕተት ከሆነ ለብቻው «ተሳስተሃል» ይላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ግማሽ ቢበዛ 10,000 ሙከራ፣ ለሁለተኛው 1,000። ማባዛት የነበረብን መደመር ሆነ፤ 11,000 ብቻ ቀረ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በይፋ ተነገረ፤ ምርጫው ዛሬም በርቶ የሚመጣባቸው ራውተሮች አሉ። በዚህ ቁልፍ የሚገባ ሰው አምስቱን የዕቁብ ቃላቶቻችሁን ጨርሶ አያያቸውም።

ለተከራይና ለእንግዳ የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቱ፤ ብዙ ራውተሮች «ጌስት» ብለው ያስቀምጡታል። ሌላ ስም፣ ሌላ የይለፍ ቃል ይኖረዋል፤ የሚገባበት ሰው ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ የራውተሩን ገጽና የእናንተን ኮምፒውተር አያገኝም። የፍጥነት ገደብ ካለውም ተጠቀሙበት። የዛሬ ስልኮች የተገናኙበትን የይለፍ ቃል በካሜራ በሚነበብ ምልክት ስለሚያሳዩ ለአንድ ሰው የሰጣችሁት ለአምስት ይደርሳል። እኔ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር የእንግዳውን እቀይራለሁ፤ የዋናውን አልነካም። ስልኮችን በመለያ ቁጥራቸው እየለዩ መዝጋትም ይቻላል። ግን መለያው ሊቀዳ ይችላል፣ አዳዲስ ስልኮችም ራሳቸው ይቀያይሩታል፤ ልፋቱን አልወደድኩትም።

በመጨረሻ የተገናኙ ዕቃዎች የሚለውን ገጽ ክፈቱና እንደ ተማሪ ስም ጥሩ። ሁሉን ከመቀየሬ በፊት ስቆጥር አሥራ አራት ነበሩ። የእኔ ስልክና ቴሌቪዥን ሁለት፣ የሦስቱ ልጆች ስልክና ላፕቶፕ ስድስት፣ በድምሩ ስምንት። ስድስቱ የማን ናቸው? ልጁ የዘጋው የማያውቃቸውን ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ብቻ የእኔን አብሮ ደባለቀው።

ሁሉን ቀይሬ በጨረስኩ ማግስት ጠዋት ስኳር ልገዛ ከደጄ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ነበር። «ቲቸር፣ ኢንተርኔቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቷል፤ ለምን አይደውሉላቸውም?» አለኝ። ስኳሩን እስኪመዝን ዝም አልኩ። ከዚያ የእንግዳውን የይለፍ ቃል በሻይ ቅጠል ካርቶን ጀርባ ጻፍኩለት፤ ፍጥነቱ የተገደበ መሆኑንና ተከራይ በለቀቀ ቁጥር እንደሚቀየርም ነገርኩት። የስኳሩን ዋጋ ግን ሙሉውን ተቀበለኝ።