የጦርነት ልቦለድ ሲያነቡ የሞት ግሦችን ያስምሩ

እርሳስ፣ አንድ ነጭ ወረቀትና የኤርትራ ካርታ ካለዎት ይበቃል። ለመጀመሪያ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ይያዙ። በ1975 ዓ.ም. የታተመ፣ በ1974 ደርግ የኤርትራን አማፅያን ለመደምሰስ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ ያደረገ ልቦለድ ነው። ርዕሱ ከጣሊያንኛ የመጣ የአስመራ ቃል ሲሆን «አበቃ፣ አከተመ» እንደማለት ነው።

ወረቀቱ ላይ አስመራን፣ ከረንን፣ አፍአበትንና ናቅፋን ከታች ወደ ላይ በአንድ መስመር ያስቀምጡ። የዘመቻው ግብ ናቅፋን መያዝ መሆኑን ሳያውቁ ካነበቡት በልቦለዱ ውስጥ ያለው የስብሰባ ወሬ ሁሉ ጫጫታ ይሆንብዎታል።

ከዚያ ተራኪውን ይለዩ። ጸጋዬ ኃይለማርያም ለፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው፤ ወታደሩን በአብዛኛው የምናየው በእሱ ዓይን ነው። መግለጫ ደግሞ እንጀራው ነው።

እርሳሱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰው በሞተበት ቦታ ሁሉ ግሡን ያስምሩ። የወገን ጦር «ይሰዋል»፤ ጠላት «ይደመሰሳል»፤ አዛዡ ለበላዩ ሲያሳውቅ «ጉዳት ደርሶብናል» ይላል። አብሮ ምሽግ ያደረው ጓደኛው ግን «ሞተ» ብሎ ዝም ነው። ከየትም ያልተወሰደ ምሳሌ እንስጥ፦ «ሦስት ጓዶች ለእናት አገር ተሰዉ» እና «ከበደ ሞተ፤ ኮዳው ግን ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረው።» የመጀመሪያውን ሬዲዮ ይናገረዋል፤ ሁለተኛውን የሚናገረው ውሃ የጠማው ሰው ነው። በአንድ ገጽ ላይ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ከዞረ መለስ ብለው ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይፈልጉ። «ወንበዴ» የሚለውንም እንዲሁ ይከታተሉ፤ የዘመኑ መንግሥት አማፅያኑን የሚጠራበት ቃል ስለሆነ ማን እንደሚለውና ማን እንደሚተወው ህዳግ ላይ ያስፍሩ።

አንባቢን ደጋግሞ የሚያሳስተው ማዕረግ ነው። ሻምበልና ሻለቃ የሰውም የክፍልም ስም ናቸው። «ሻምበሉ ተመታ» ሲባል አንድ መኮንን ቆስሎ ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ በላይ ሰው ያለበት ክፍል አልቆም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቀጣዩ ግሥ ነው፦ «ተበተነ» ክፍሉን፣ «ደማ» ሰውየውን። መቶ አለቃም መቶ ሰው አያዝም፤ የሚመራው «መቶ» አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሰው ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ ኪሳራውን በሦስት እጥፍ ያገነዋል።

ትርጉም ሲያነቡ ሰዓቱን ይጠርጥሩ። በውጭ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ የሚጀመር የንጋት ማጥቃት በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ተርጓሚው «ከጧቱ 5 ሰዓት» ብሎ ካለፈው ወታደሮቹ ፀሐይ አናት ላይ ሊደርስ ሲል የሚያጠቁ ይመስላል፤ ጨለማውም ብርዱም ከትዕይንቱ ይጠፋል። ግሡ ላይ የሚቀጠሉትን የባለቤት ቅጥያዎችንም ይከታተሉ። ጀርመናዊው ደራሲ ሬማርክ በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ ጀርመን ወታደሮች ያሳተመው ልቦለድ ዳር እስከ ዳር በ«እኔ» እየተተረከ ሄዶ መጨረሻው ላይ በድንገት «እሱ» ይላል፤ ተራኪው የሞተው የጦር ሪፖርቱ አዲስ ነገር የለም ባለበት ቀን ነበር። (መጨረሻውን በመናገራችን ይቅርታ፤ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።) በአማርኛ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በግሡ ጫፍ ላይ ነው፤ «ወደቅሁ» እና «ወደቀ»። በፍጥነት የሚያነብ ሰው ያልፈዋል።

በአንድ ቁጭታ ከ40 ገጽ አይለፉ፤ ውጊያ ከተጀመረ ግን መሐል ላይ አያቋርጡ። የደራሲውን ዕጣ ለመጨረሻ ያቆዩት። በዓሉ ከመጽሐፉ በኋላ ከሥራው ተባሮ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። ይህን እያሰቡ ካነበቡ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትንቢት ይመስልና ልቦለዱ ይጠፋብዎታል። «ይሄኛው ባለሥልጣን እገሌ ነው» እያሉ መገመትም ያው ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ምዕራፍ ይበላል።

በንባብ ክበብ ውስጥ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ካለ «እውነት እንዲህ ነው ወይ?» ብላችሁ አታፋጥጡት። ስለ መጽሐፉ ጠይቁት፦ «ደራሲው ምኑን ሳተ?» ብትሉት ከፈለገ ስለ ጫማው፣ ስለ ኮቾሮው (የወታደር ደረቅ ብስኩት) ይነግራችኋል፤ ካልፈለገም ገጹን ገልብጦ ያልፋል።