የሳይክል ዘይት ፍሬን ሲያስቸግር

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ደካማ ፍሬን ይዞ ወራት መንዳት ይቻላል። ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥምዝምዝ መንገድ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት። ፍሬን እዚያ ሄዶ አይፈተሽም።

ብዙ ሰው ፍሬኑ ሲደክም ወዲያው "አየር ገብቶበታል" ይላል። ቆይ! መጀመሪያ እጀታውን ጨብጡት። ችግሩ የት እንዳለ እሱ ይናገራል።

እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰና ደጋግማችሁ ስትጨብጡት ከጠነከረ፣ አዎ፣ አየር ነው። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል፣ ጉልበታችሁም እዚያው ይቀራል። ሳይክሉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተገልብጦ ከመጣ በተለይ ይህን ጠርጥሩ። እጀታው ጋ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ የነበረ አየር ወደ ቱቦው ገብቶ ይሆናል። ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እጀታውን ጨብጣችሁ በላስቲክ እሰሩና አሳድሩት። አንዳንዴ ጠዋት ተስተካክሎ ይገኛል።

እጀታው ሳይለሰልስ መሪው ድረስ ከገባ፣ ሸራውን እዩ። ሽማኖ የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ሸራ ከ0.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ ይቀየራል። ሸራው ደህና ሆኖ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ይዞ ጎማው ላይ ያለውን የብረት ዲስክ የሚጨብጠው ክፍል) ወይም ቱቦው ላይ እርጥበት ካለ ዘይት እያፈሰሰ ነው። ያኔ ሳትጠግኑ አትንዱ።

እጀታው ጠንካራ ነው፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም፣ ይጮሃልም? አየር ብታስወጡ ምንም አይፈይድም። ዲስኩን ወይም ሸራውን ቅባት ነክቶታል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሰንሰለት ዘይት ነው፤ ጣሪያ ላይ አብሮ የተጫነ የምግብ ዘይት ጀሪካንም ይሆናል። ዲስኩን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። (አረቄ አይሆንም። ለሌላ አቆዩት።) ሸራው ላዩ ብቻ ከቆሸሸ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርጉት፤ ዘይት ከጠጣ ግን ቀይሩት። ምድጃ ላይ አቃጥሉት የሚሉ አሉ። እኔ በእንዲህ ያለ ሸራ አባይን አልወርድም። አዲስ ሸራ ደግሞ መላመድ አለበት፦ ሜዳ ላይ ፈጠን ብላችሁ፣ ጎማው ሳይንሸራተት ወደ እርምጃ ፍጥነት አውርዱት። ይህን ደጋግሙት።

ጎማው ሲዞር ሸራው ዲስኩን ከፈጨ ቀላል ነው። የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖች አላሉ፣ እጀታውን ጨብጡ፣ እንደጨበጣችሁ አጥብቁ። ጎማው ወልቆ ሳለ ሰው እጀታውን ከጨበጠውና ሸራዎቹ ከገጠሙ በጠፍጣፋ ፕላስቲክ ቀስ ብላችሁ ክፈቷቸው።

ቁልቁለት ላይ እጀታው ድንገት ባዶ ከሆነ ሙቀት ነው። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። አዲስ ዶት 4 የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው እስከ 155 ይወርዳል። ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ። ዲስኩን በእጅ አትንኩ። ስትወርዱም ፍሬኑን ይዛችሁ አትቆዩ፤ ጠበቅ አድርጉ፣ ልቀቁ።

አሁን አየር ወደ ማስወጣቱ። ከሁሉ በፊት የማጠራቀሚያውን ክዳን አንብቡ። ሽማኖ፣ ማጉራና ቴክትሮ ሚኒራል ዘይት ነው የሚወስዱት፤ አብዛኞቹ የስራም ፍሬኖች ዶት። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የምታገኙት ዶት 4 ነው። እሱን ሽማኖ ውስጥ ከጨመራችሁ ጎሚኒው ያብጣል፣ ፍሬኑም ይበላሻል። ሚኒራሉን ካላገኛችሁ ጠብቁ እንጂ ባገኛችሁት አትሙሉ።

የሽማኖው አሠራር ይህ ነው። ጎማውንና ሸራዎቹን አውጡ፣ በቦታቸው የፕላስቲክ ማገጃውን አስገቡ። እጀታውን አግድም አድርጉ፣ የማጠራቀሚያውን ብሎን ፈታችሁ ማንቆርቆሪያውን ግጠሙ። ካሊፐሩ ላይ ያለውን ማስወጫ ከፍታችሁ በሲሪንጅና በሚያሳይ ቱቦ አዲስ ዘይት በእሱ በኩል ወደ ላይ ግፉ። አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ አቅጣጫው ይህ ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ አረፋው ሲቆም የካሊፐሩን ማስወጫ ዝጉ። ከዚያ ትዕግሥት ነው፦ ቱቦውንና ካሊፐሩን ኳ ኳ አድርጉ፣ እጀታውን ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ አድርጉ። አሁንም አረፋ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ከዚያ ማግስት ዳግም ይጀምራል።

በመጨረሻ እጀታውን ጨብጣችሁ፣ ማስወጫውን ለቅጽበት ከፍታችሁ ዝጉ፤ ሁለት ሦስቴ። ማንቆርቆሪያውን በመክደኛው ዘግታችሁ አንሱ፣ ዘይቱ ሞልቶ ፈሰስ ሲል ብሎኑን መልሱ። የፈሰሰውን በአልኮል ሳትጠርጉ ሸራ አታስገቡ። በዶት የምትሠሩ ከሆነ ጓንት አድርጉ፤ ቀለም ይልጣልና የነካውን ወዲያው በውሃ እጠቡ። ሁሉም ሲገጠም እጀታውን በሙሉ ጉልበት ጨብጣችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ወደ መሪው ከሰመጠ የሚያፈስ ቦታ ወይም ያረጀ ጎሚኒ አለ። እሱ ሳይገኝ መንገድ አትውጡ።